መሰንጠቂያው ጣውላ አልደበቀም፦ ስለ ጣውላ ዋጋ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጣውላ ዋጋ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰዉ ሲቀባበለው አየሁ። እኔም ጋ ከሁለት ሦስት ሰው ደረሰኝ። የሚያወራው ስለ ሰሜን አሜሪካ ገበያ ነው። ጸሐፊው ዋጋው ለምን እንደዚያ እንደተሰቀለ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ነጥብ በነጥብ ዘርዝረዋል። ባጭሩ የሚሉት ይሄን ነው፦ የመሰንጠቂያ ባለቤቶች ተማክረው ጣውላ ደበቁ፤ ዛፉም አልቋል፤ የተረፈውን ደግሞ መሰንጠቂያዎቹ ግማሹን ሰጋቱራ አድርገው ያባክኑታል፤ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ነገሩን አባባሰው፤ በካናዳ ጣውላ ላይ ቀረጥ መጫን የአገር ውስጥ ሠራተኛውን ያድናል፤ ካልሆነም በብረትና በስሚንቶ መሥራት ነው፤ ለማንኛውም አሁን ዋጋው ስለወረደ ጉዳዩ አብቅቷል።

እኔ ሁለት ዓመት ያህል አንድ መሰንጠቂያ ውስጥ ጣውላ ስደረድርና በጥራት ስለይ ኖሬያለሁ። ከወጣሁ በኋላም ነገሩን መከታተል አልተውኩም። ስለዚህ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ቅን ሰው መሆናቸው ግን ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የቤት ዋጋ ያስጨነቀው ሰው ቁጣ ነው ያለው። ቁጣው ይገባኛል፤ ያረፈበት ቦታ ግን ልክ አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው የሆነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከትልቁ ክስ ልጀምር፤ ጣውላ ተደብቋል ከሚለው።

ወደ 2020 እንመለስ። የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ቤት መሥራት ይቆማል ብሎ ያላሰበ አልነበረም። ባንኩም፣ ተቋራጩም፣ መሰንጠቂያውም እንደዚያው። የሁሉም ሐሳብ የሄደው ወደ 2008ቱ የቤት ገበያና የባንክ ቀውስ ነበር። በአሜሪካ በ2005 ወደ 2.07 ሚሊዮን የመኖሪያ ቤቶች ግንባታ ተጀምሮ ነበር። በ2009 ይሄ ቁጥር 554 ሺህ ገደማ ብቻ ሆነ። በዚያ መሃል ብዙ መሰንጠቂያ ተዘጋ፤ ያልተዘጋውም በኪሳራ እየተንፏቀቀ ነው ያለፈው። እንግዲህ ያንን በዓይኑ ያየ ሥራ አስኪያጅ በኤፕሪል 2020 መጀመሪያ ላይ የጣውላ ዋጋ በቺካጎው የወደፊት ውል ገበያ (ወደፊት ለሚረከቡት ዕቃ አስቀድሞ ዋጋ የሚቆረጥበት ነው) ለ1,000 ቦርድ ፉት ወደ 260 ዶላር ሲወርድ ምን ያደርጋል? ፈረቃ ይቀንሳል። ቀነሰም። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።

(ቦርድ ፉት ማለት ርዝመቱ 1 ጫማ፣ ስፋቱ 1 ጫማ፣ ውፍረቱ 1 ኢንች የሆነ ጣውላ ነው። 1 ሜትር ኩብ ውስጥ ወደ 424 ቦርድ ፉት ይገባል። የጣውላ ዋጋ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የ1,000ው ነው።)

ከዚያ ማንም ያልጠበቀው መጣ። ቤቱ የተቀመጠ ሰው አጥሩን፣ በረንዳውን፣ ጓሮውን ማደስ ጀመረ። የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ በጁላይ 2020 ከ3 በመቶ በታች ወረደ። ትልቅ ቤት የፈለገው ሁሉ ገዢ ሆኖ ወጣ። ተቋራጮች ያቆሙትን ሥራ መልሰው ጀመሩ። ዕቃ ቤታቸውን ባዶ ያደረጉ ሻጮችም ባንድ ጊዜ ወደ መሰንጠቂያው ደወሉ። መሰንጠቂያው ግን ፈረቃ ቀንሷል፤ ሠራተኛው ወይ ታሟል ወይ ተራርቆ እንዲሠራ ታዟል፤ የጭነት መኪና ሾፌርም እንደ ልብ አይገኝም። ገዢው እርስ በርሱ ተሻማ። በሜይ 2021 ዋጋው 1,670 ዶላር ገደማ ደረሰ፤ እስከዚያ ድረስ ታይቶ አይታወቅም።

ይሄ ቁጥር ለቤት ሠሪ ምን ማለት እንደሆነ አልክድም። አንድ መደበኛ የአሜሪካ ቤት ወደ 15,000 ቦርድ ፉት ጣውላ ይወስዳል። በ400 ዶላር ሒሳብ 6,000 ዶላር ነው። በ1,500 ሒሳብ 22,500 ይሆናል። ኮምፔርሳቶውና ሌላው ሳይጨመር። የአሜሪካ የቤት ተቋራጮች ብሔራዊ ማኅበር በኤፕሪል 2021 ባወጣው ስሌት የእንጨት መወደድ በአንድ አዲስ ቤት ላይ ወደ 36,000 ዶላር ጨምሯል። ቤት ለመግዛት ዓመታት ያጠራቀመ ቤተሰብ ላይ ይሄ ቀላል ዱላ አይደለም።

ታዲያ ለምን ቶሎ አላመረቱም? ጸሐፊው አንድ ዓመት ሙሉ እንዴት አይበቃቸውም ይላሉ፤ የጥርጣሬያቸውም ሥር ይሄ ነው። እዚህ ላይ ከመሰንጠቂያው ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ግንዱ ከግቢው ይነሳና ቅርፊቱ ይላጣል። ከዚያ በስካነር ስር ያልፋል። ኮምፒውተሩ ውፍረቱን፣ ጥመቱን፣ ሾጣጣነቱን ለክቶ እንዴት ቢሰነጠቅ የበለጠ ጣውላ እንደሚወጣው በሰከንድ ይወስናል። ግንዱ ዞር ይላል፤ መጋዙ ይገባበታል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ፈጣን ነው፤ ዓይን አይከተለውም። የሚወጣው ጣውላ ግን እርጥብ ነው። የአንዳንዱ ጥድ ውጪኛ ክፍል ውስጥ ያለው ውሃ ከራሱ ከእንጨቱ ክብደት ይበልጣል። በእጄ አንስቼ አውቀዋለሁ፤ አንዱ እርጥብ ጣውላ የደረቁን ሁለት ያህላል። ይሄንን ቤት ላይ ብትቸነክሩት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩን ይለቃል። ስለዚህ ማድረቂያ ክፍል ይገባል። ለግንባታ የሚሆነው ጣውላ እርጥበቱ 19 በመቶና ከዚያ በታች እስኪወርድ ይጠበቃል። እንደ ዛፉ ዓይነትና እንደ ውፍረቱ ከአንድ ቀን እስከ ብዙ ቀን ይፈጃል። ጠንካራው እንጨት ሳምንታት ይወስዳል። በመካከሉ ትንንሽ እንጨት እየተደረገ፣ አየር እንዲያልፍ ሆኖ ተደርድሮ ነው የሚገባው። ካጣደፋችሁት ከውጭ ደርቆ ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ጥራቱ ይወርዳል፤ ገንዘቡም ይቀራል።

እና ማድረቂያው አይለመንም። መጋዙን ሦስት ፈረቃ ብታሠሩት እንኳ ማድረቂያችሁ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የሚወጣው። ተጨማሪ ማድረቂያ ልሥራ ስትሉ ትእዛዙ፣ ፈቃዱ፣ ተከላው ዓመት አለፈ ማለት ነው። አዲስ ዘመናዊ መሰንጠቂያ ከባዶ ልገንባ ካላችሁ ደግሞ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይና ሁለት ዓመት ገደማ አዘጋጁ። በ2020 አጋማሽ የተወሰነ ውሳኔ ጣውላ ሆኖ የሚወጣው በ2022 ነው። ዋጋው ለሁለት ዓመት እንደዚያ ይቆያል ብሎ ማን ይምላል?

አልቆየምም። ለእኔ የክሱ ትልቁ ቀዳዳ ይሄ ነው። ተማክረው ደብቀው ከሆነ፣ ከሜይ እስከ ኦገስት 2021 ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ዋጋው ከ1,670 ወደ 500 ዶላር ገደማ ሲንኮታኮት ለምን ዝም አሉ? የደበቀ ሰው መውረድ ሲጀምር ይይዛል እንጂ አይለቅም። በማርች 2022 ደግሞ ተመልሶ ከ1,400 ዶላር በላይ ወጣ፤ በዓመቱ መጨረሻ ከ400 በታች ወረደ። ለሁለተኛው ጭማሪ አንዱ ምክንያት በኖቬምበር 2021 በምዕራብ ካናዳዋ ክፍለ ግዛት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የጣለው ዝናብ ነው። ጎርፉ ወደ ቫንኩቨር የሚወስደውን መንገድና የባቡር ሐዲድ ቆረጠው። ጣውላው ተሰንጥቆ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ቆሞ ቀረ። ይሄንን ማንም አላሴረውም።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣቸዋለሁ። በዚያ ዓመት የተገኘው ትርፍ ግዙፍ ነበር። ትልልቆቹ የእንጨት ኩባንያዎች፣ የአሜሪካው ዌየርሃውዘርም የካናዳው ዌስት ፍሬዘርም፣ በ2021 እያንዳንዳቸው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተጣራ ትርፍ አስመዝግበዋል። ያ ገንዘብ የት ሄደ፣ ምን ያህሉ ለባለ አክሲዮን፣ ምን ያህሉ ለሠራተኛና ለአዲስ ማሽን ዋለ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔም እጠይቃለሁ። ግን እጥረት ውስጥ ማትረፍና እጥረቱን መፍጠር ለየቅል ናቸው።

ዛፉ አልቋል ወደሚለው እንለፍ።

እዚህ ጋ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ታሪኮችን ቀላቅለዋል። አንዱ አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ውስጥ ያለው ነው፤ ጆርጂያ፣ አላባማ፣ ሚሲሲፒ፣ አርካንሳስ። እዚያ ዛፍ ሞልቷል። በ1980ዎቹ መንግሥት ለገበሬዎች እየከፈለ የደከመ እርሻ መሬታቸውን በጥድ እንዲያለብሱት አድርጎ ነበር። ያ ጥድ ከ25 እስከ 35 ዓመት ውስጥ ለመጋዝ ይደርሳል። ደረሰ። የደረሰው ግን ከ2008 ቀውስ በኋላ፣ ገዢው መሰንጠቂያ በተመናመነበት ጊዜ ነው። ብዙ የዛፍ ባለቤት ዋጋ እስኪሻል ብሎ ሳይቆርጥ አቆየው፤ ዛፉ ደግሞ ቆሞም ያድጋል፣ ስለዚህ ክምችቱ ባሰ። ልብ በሉ፣ በ2021 ጣውላው በሦስትና በአራት እጥፍ ሲሸጥ የነዚህ ሰዎች የቁም ዛፍ ዋጋ እምብዛም አልተነቃነቀም። ልጆቼን አስተምርበታለሁ ብሎ ሠላሳ ዓመት ዛፍ ያሳደገ ባለ መሬት ጣውላው ወርቅ ሲሆን እያየ ግንዱን በድሮው ዋጋ ነው የሸጠው።

ዛፍ ቢያልቅ ኖሮ መጀመሪያ የሚወደደው ግንዱ ነበር። ግንዱ ረክሶ ጣውላው ሲወደድ ችግሩ በሁለቱ መሃል ያለው ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። ጠባቡ አንገት መሰንጠቂያው ነው። የመሰንጠቂያ ቁጥርና አቅም። ይሄንን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጨው።

ሁለተኛው ታሪክ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነው። እዚያ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ግንድ ጠፍቷል። ምክንያቱ ግን እሳቸው እንዳሉት ስግብግብ ቆራጭ ብቻ አይደለም። አንዲት የሩዝ ፍሬ የምታክል ጥንዚዛ አለች፤ የጥድ ቅርፊት ስር ገብታ እንቁላል ትጥላለች፣ ይዛው የምትመጣው ፈንገስ ዛፉ ውሃ የሚስብበትን መንገድ ይዘጋል። ዛፉ ይሞታል፣ በዓመቱም መርፌ ቅጠሉ ይቀላል። ድሮ ክረምቱ ይገድላት ነበር። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ወርዶ ሲሰነብት ቅርፊት ስር ያለው እጭ ያልቃል። ክረምቱ ሞቅ እያለ መጣና ያ ብርድ ቀረ። እሳት እንዳይነሳ ለአሥርት ዓመታት መከላከሉም ያረጀ ጥድ ጎን ለጎን ቆሞ እንዲጠብቃት አደረገ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከ18 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ደን ተነካ። ለጣውላ የሚሆነው ጥድ ግማሽ ያህሉ ሞተ።

የሞተ ዛፍ ቆሞ ጥቂት ዓመት ይቆያል። ስለዚህ መንግሥት ሳይበሰብስ ቁረጡት ብሎ እንዲቆረጥ የሚፈቅደውን መጠን ከፍ አደረገ። መሰንጠቂያዎች ተስፋፉ። እንጨቱ ፈንገሱ የተወበት ሰማያዊ ጥላ አለው፤ ጥንካሬው አይጎድልም፣ ግን ገዢ ያያል። እኔም ስለይ በእጄ አልፏል። ደርቆ ስለሚመጣ ሲሰነጠቅ ይፈረካከሳል፣ ከጤነኛው ግንድ ያነሰ ጣውላ ይሰጣል። ያ ሁሉ የሞተ ዛፍ ሲያልቅ ደግሞ የመቁረጫው መጠን ወረደ፤ በ2017ና በ2018 የተነሳው ሰደድ እሳት በየዓመቱ ከ1.2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ በላ። እዚያ አገር አዲስ ዛፍ ለመጋዝ የሚደርሰው በ80ና በ100 ዓመት ነው። እንግዲህ ብዙ ግንድ ለመሰንጠቅ የተሠራ መሰንጠቂያ ግንድ አጥቶ ቆመ።

አንድ ቦታ ዛፍ ተርፎ መሰንጠቂያ ጠፋ፤ ሌላ ቦታ መሰንጠቂያ ተርፎ ዛፍ ጠፋ። ግንድ ደግሞ ከባድና ርካሽ ስለሆነ ከአላባማ ጭኖ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ መውሰድ አያዋጣም። ይሄ ቀላል ነገር ነው፤ ጽሑፉ ውስጥ ግን አንድም ቦታ አልተነሳም።

ስለ ብክነቱ። ጸሐፊው የግንዱ ግማሽ ብቻ ጣውላ ይሆናል ያሉት ቁጥሩ ከእውነቱ አይርቅም። ግንድ ክብ ነው፣ ጣውላ አራት ማዕዘን ነው፤ ጠርዝና ጎኑ ይቀራል። መጋዙም የሚበላው አለ። ክቡ መጋዝ በእያንዳንዱ ስንጠቃ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲበላ፣ ቀጭኑ የባንድ መጋዝ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይበላል። በቀን በሺህ ለሚቆጠር ስንጠቃ ይቺ ልዩነት ስንት ጣውላ እንደምትሆን አስቡት። ለዚህ ነው መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ ከሥራ አስኪያጁ ቀጥሎ የሚከበረው መጋዝ የሚስለው ሰው የሆነው።

ግን የቀረው ግማሽ ይጣላል የሚለው ትክክል አይደለም። ቅርፊቱ ማድረቂያውን የሚያሞቀው እሳት ይሆናል፤ ለአትክልት ቦታም ይሸጣል። ሰጋቱራው ተጨምቆ ማገዶ ወይም ቺፑድ ይሆናል። የጎን ስብርባሪው ደግሞ ለወረቀትና ለካርቶን ፋብሪካ ይሄዳል። ይሄኛው ገቢ በደካማ ዓመት መሰንጠቂያውን በሕይወት የሚያቆየው ነው። እንዲያውም አሁን ያለው ጭንቀት ተቃራኒው ነው። የወረቀት ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ ሲዘጋ አጠገቡ ያለው መሰንጠቂያ ስብርባሪውን የሚገዛው ያጣል፣ ሒሳቡ ይዛባል፣ እሱም ይከተላል። እጅና ጓንት ናቸው።

ሁለት በአራት የሚባለው ጣውላ ሁለት በአራት አይደለም፣ ይሄ ማጭበርበር ነው የሚለውም አለ። 2 በ4 ኢንች የሚባለው ደርቆና ተልጎ 1.5 በ3.5 ኢንች፣ ማለትም 38 በ89 ሚሊ ሜትር ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በደረጃ መዳቢ ሰነድ የተጻፈ ልክ ነው፤ መሐንዲሱም የሚያሰላው በሱ ነው። የተደበቀ ነገር የለውም።

የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ጣውላ አስወደደ የሚለው ግማሽ እውነት ስላለው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1990 ሰሜን ምዕራብ አሜሪካ ጥንታዊ ደን ውስጥ የምትኖር አንዲት ጉጉት ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ገባች። በ1994 የወጣው የደን ዕቅድ ተከተለ። በኦሪገንና በዋሽንግተን ግዛት ከመንግሥት ደን የሚቆረጠው እንጨት ከቀድሞው ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። መሰንጠቂያ ተዘግቷል፣ ሰፈር ፈርሷል፣ ያ ሰው የደረሰበትን ማቃለል አልወድም። ግን በ1994 የወጣ ዕቅድ በ2020ና በ2021 የታየን ጭማሪ እንዴት ያብራራል? ሕጉ ዋጋው 260 ሲሆንም ነበረ፣ 1,670 ሲሆንም ነበረ፣ ተመልሶ ሲወርድም አለ። ያልተለወጠ ነገር ለውጥን አያስረዳም። ደግሞስ ጸሐፊው ከላይ ዛፉ አልቋል ብለዋል፤ እዚህ ደግሞ ደኑን ሁሉ ክፈቱት ይላሉ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ቀረጡ ጋ ስንመጣ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚስማማበት ነጥብ ስለሆነና ብዙ ጉዳት የሚያደርሰውም እሱ ስለሆነ።

ጠቡ የቆየ ነው፤ ከ1982 ይጀምራል። ካናዳ ውስጥ አብዛኛው ደን የመንግሥት ነው፣ የሚቆረጠውን ዛፍ ዋጋ የሚተምነውም የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ነው። አሜሪካ ውስጥ በተለይ ደቡቡ ላይ ደኑ የግል ነው፣ ዋጋውን ገበያ ያወጣዋል። የአሜሪካ መሰንጠቂያዎች የካናዳው ትመና ድጎማ ነው ብለው ከሰሱ። ከዚያ ወዲህ ይከሳሰሳሉ፣ ይታረቃሉ፣ ውሉ ያልቃል፣ እንደገና ይጀምራሉ። በ2006 የታረቁ ጊዜ አሜሪካ ከሰበሰበችው 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 4 ቢሊዮኑን መለሰች። ያ ስምምነት በ2015 አበቃ። ከ2017 ጀምሮ ቀረጡ ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ ለአብዛኛው ላኪ ወደ 20 በመቶ ነበር። በ2020 መጨረሻ ወደ 9 በመቶ ወረደ። በ2021 መጨረሻ ወደ 18 ገደማ ወጣ። ተመልሶ ወደ 8 ወረደ። በ2024 ከ14 አለፈ። በ2025 35 በመቶ ገደማ ሆነ፣ በኦክቶበር 2025 ደግሞ ሌላ 10 በመቶ ተጨመረበትና 45 በመቶ ገደማ ደረሰ።

ይሄንን መወጣጫና መውረጃ ተመልከቱት። የሁለት ዓመት የመሰንጠቂያ ግንባታ ማን ነው በዚህ ላይ ቆሞ የሚያቅደው? ይሄ የቀረጥ መዋዠቅ ያንኑ ጠባቡን አንገት፣ መሰንጠቂያውን፣ ይበልጥ ያጠብበዋል። በ2024 አሜሪካ ከተጠቀመችው የለስላሳ እንጨት (የጥድና የመሰሎቹ) ጣውላ ሩብ ያህሉ የመጣው ከካናዳ ነው። በአንድ ሌሊት የሚተካው የለም።

ደግሞ ቀረጡ ይጠብቃቸዋል የተባሉት ሠራተኞች ምን ሆኑ? በ2024 መጀመሪያ ላይ ዌስት ፍሬዘር ፍሎሪዳ ውስጥ ማክስቪል ያለውን መሰንጠቂያ እንደሚዘጋ፣ አርካንሳስ ውስጥ ሃቲግ ያለውን ደግሞ ላልተወሰነ ጊዜ እንደሚያቆም አስታወቀ። ሁለቱም አሜሪካ መሬት ላይ፣ ከአሜሪካ ጥድ የሚሰነጥቁ ነበሩ። ቀረጡ በሥራ ላይ ነበር። አላዳናቸውም። ምክንያቱም ያቆማቸው የካናዳ ጣውላ አልነበረም፤ ከ2022 በኋላ የብድር ወለድ ወደ 7ና 8 በመቶ ወጥቶ ቤት የሚሠራው ሰው መቀነሱ አንዱ ምክንያት ነው። ትልልቆቹ የካናዳ ኩባንያዎችም ቢሆኑ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምረው አሜሪካ ደቡብ ውስጥ መሰንጠቂያ ገዝተዋል። የባለቤቱ ኪስ ድንበሩን ተሻግሯል። ያልተሻገረው ሠራተኛው ነው፤ በሁለቱም በኩል።

በብረትና በስሚንቶ እንሥራ ስላሉት ብዙ አልልም። በ2021 ብረትም አብሮ ተወዷል። ስሚንቶ ማምረት ደግሞ ብቻውን ከዓለም የካርቦን ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶውን ይይዛል። አሜሪካ ውስጥ ከ10 አዲስ የቤተሰብ መኖሪያ ቤት ዘጠኙ በእንጨት አጽም ነው የሚሠራው፤ አናጢው፣ መሐንዲሱ፣ የሕንፃ ሕጉ፣ ሚስማሩ ሳይቀር በእንጨት ልክ የተሠራ ነው። ይሄ ሁሉ በአንድ ዓመት የዋጋ ንረት አይገለበጥም።

የመጨረሻው ነጥባቸው ነው በጣም ያሳዘነኝ። ዋጋው ወርዷል፣ ስለዚህ ጉዳዩ አብቅቷል።

ለገዢው ምናልባት። ለመሰንጠቂያው ከተማ ግን የጀመረው ያኔ ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሂውስተን የሚባል ትንሽ ከተማ አለ። ካንፎር የሚባለው የካናዳ የጣውላ ኩባንያ እዚያ የነበረውን መሰንጠቂያ በ2023 ዘጋ። በ2024 ደግሞ እዚያው ክፍለ ግዛት ቫንደርሁፍና ፎርት ሴንት ጆን የሚባሉ ከተሞች ያሉትን እንደሚዘጋ አስታወቀ። እንዲህ ባለ ቦታ መሰንጠቂያው ሲዘጋ የሚቀረው ደመወዝ ብቻ አይደለም። ግንድ ጫኙ፣ ጋራዡ፣ ምግብ ቤቱ፣ የከተማው ግብር፣ የትምህርት ቤቱ የተማሪ ቁጥር አብሮ ይሄዳል። ቤቱን ሸጦ ልሂድ ያለ ሰው ገዢ አያገኝም፤ ሁሉም የሚሸጥ ነውና።

እኔ የሠራሁበት ቦታም ተዘግቷል። ስሙን አልጠራም፣ አሁን ጥቅም የለውም። ከወጣሁ ከዓመት በኋላ ነው የሰማሁት። ማሽኖቹ በጨረታ ተሸጡ፤ ስካነሩ ወደ አንዱ፣ መላጊያው ወደ ሌላው። ማድረቂያው አልተነሳም፣ እዚያው ዝጎ ቀረ።

እዚያ መጋዝ የሚስል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሥራ ቦታቸው ፎቅ ላይ ነው፣ መጋዙን አያዩትም። ድምፁን ግን ይሰሙታል። ቁጭ ብለው ሲስሉ ድንገት ቀና ይሉና ሦስተኛው መጋዝ እየተንጋደደ ነው፣ አቁሙት ይላሉ። ወርደን ስንለካ ልክ ናቸው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስቷል። ያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሳይታይ ቢያልፍ የፈረቃው ጣውላ በሙሉ አንድ ጎኑ ወፍሮ ይወጣል። ይሄንን ለመልመድ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እንዲማርላቸው አንድ ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠው ነበር። መሰንጠቂያው ሲዘጋ እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ ልጁ የከባድ መኪና ሾፌር ሆነ።

የቤት ብድር ወለድ አንድ ቀን ይወርዳል። ቤት የሚሠራው ሰው ይመለሳል፣ ሻጮች እንደገና ባንድ ጊዜ ይደውላሉ። ያኔ ስልኩን የሚያነሳው መሰንጠቂያ ከ2020ው ያነሰ ነው የሚሆነው፤ ዋጋውም እንደገና ይሰቀላል፣ ተደበቀ የሚል ጽሑፍም እንደገና ይጻፋል። ጸሐፊው ያኔ ከመጻፋቸው በፊት ከተዘጉት ከተሞች ወደ አንዱ ደውለው፣ የማድረቂያው እሳት ሲጠፋ እዚያ የነበረ አንድ ሠራተኛ እንዲያነጋግሩ እለምናቸዋለሁ።